ከደጃዝማችነት እስከ ጠቅላይ አዛዥነት፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ማዕረግ ታሪክ

መቸም በየለቅሶው ድንኳን፣ ማምሻ ላይ ጨዋታ ሲጀመር፣ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ የጃንሆይን ነገር ማንሣቱ አይቀርም። ከተነሣ ደግሞ ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው መልስ አገር ለቀው መሄዳቸው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል። አንዱ ወገን ንጉሥ ከጦር ሜዳ አይሸሽም ይላል፤ ሌላው ባይሄዱ ኖሮ ማን ይጮኽልን ነበር ይላል። ሌሊቱ ያልቃል እንጂ ክርክሩ አያልቅም። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ተጣርቶ የሚታየው የንጉሡን የጦር አዛዥነት ማዕረግ ከሥር ከመሠረቱ ስንመለከተው ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የሕይወታቸውን ታሪክ በዚያ በኩል ብቻ ለማውጋት አስቤአለሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አፍሪካ አንድነቱ ሌላ ሰው ይጻፍልን።

በመጀመሪያ የቀድሞ ማዕረጎቻችንን ትርጉም ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛሬ ግራዝማች እገሌ፣ ፊታውራሪ እገሌ ስንል የክብር ስም ብቻ ይመስለናል እንጂ ሁሉም የጦር ሰልፍ ቦታ ነበር። ፊታውራሪ በግንባር ቀደም የሚሄደው ነው። ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ ያዘምታል። ደጃዝማች ደግሞ በንጉሡ ድንኳን ደጃፍ ላይ የሚሰለፈው አዝማች ነው። ታዲያ ንጉሡስ? ንጉሡ መካከል ነው። የሁሉም ሰልፍ የሚለካው ከእሱ ድንኳን ስለሆነ ለእሱ የተለየ የጦር ማዕረግ አላስፈለገውም፤ ንጉሥነቱ ራሱ አዛዥነት ነበር። ከዚያ ሌላ የነበረው የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ዕዳውም የዚያኑ ያህል ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ፤ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ክተት ብለው ከነባለቤታቸው ዐድዋ ድረስ ዘመቱ። እንግዲህ ተፈሪ መኮንን የተወለዱት ይህ ልማድ በሙሉ ጉልበቱ በቆመበት ዘመን ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረር አጠገብ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኮንን፣ የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው፣ በአምባላጌና በዐድዋ የጦር መሪ የነበሩ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። በ1898 ዓ.ም.፣ የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ደጃዝማች ተባሉ። አስቡት እንግዲህ፤ የንጉሥን ድንኳን ደጅ ይጠብቃል የተባለው አዝማች ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት አባታቸው አረፉ። ከዚያ በኋላ በምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ፤ በ1902 ዓ.ም. ሐረርን ተሾሙ።

እውነቱን ለመናገር ተፈሪ የጨበጣ ጦርነት ሰው አልነበሩም። ሰውነታቸው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጉልበታቸው በትዕግሥትና በወረቀት ላይ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፣ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ደግሞ ራስ፣ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። ወር ሳይሞላ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ገሥግሠው መጡ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ሲገጠም ግን የጦሩ ብልሃት የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የአባ መላ ነበር። ለሚካኤል የማዘናጊያ ደብዳቤ እየላኩ ጦር እስኪደርስላቸው ጊዜ እንደገዙ ይነገራል። ሚካኤል ተማረኩ። ራስ ተፈሪ እንደራሴ ይሁኑ እንጂ ወታደሩ የማን እንደሆነ ያን ቀን በደንብ አይተዋል።

ከዚያ ወዲህ የነበረው አሥር ዓመት የትዕግሥት ዘመን ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ሠራዊታቸው ወደ ተፈሪ እጅ ገባ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ፣ የዐድዋው ጀግና፣ ተጠርተው ብዙ ጦር አስከትለው መጡና ነፋስ ስልክ ሰፈሩ። ግብር ተደግሶላቸው ቤተ መንግሥት ሲበሉ ሲጠጡ ራስ ካሣ ከሰፈሩ ሄደው ወታደሩን በገንዘብ በተኑት። ባልቻ ሲመለሱ የቆየላቸው ባዶ ሜዳ ነው። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ይኼ ነገር ለተፈሪ ትልቅ ትምህርት የሆነ ይመስለኛል፤ ጦር የሚታዘዘው ለሚያበላው ነው የሚለውን። ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ያው ትምህርት ዞሮ በራሳቸው ላይ መጣ፤ እሱን ቆይተን እናየዋለን።

በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ሲገጥሙ በላያቸው አይሮፕላን እየበረረ አስቀድሞ ወረቀት፣ ከዚያም ቦምብ ጣለባቸው። የጉግሣ ጦር ተፈታ፤ እሳቸውም ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ። ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ጦር የማወጅና ዕርቅ የማድረግ፣ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ የሠራዊቱን ልክ የመወሰን ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ ነው አለ። በልማድ የነበረው በወረቀት ሰፈረ። ቤልጂጎች ክቡር ዘበኛን እንዲያሠለጥኑ መጡ፤ ስዊድኖች በ1927 ዓ.ም. ሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ መረብን ተሻገረች። ነጋሪት ተመታ፤ ክተት ታወጀ። ሠራዊቱ ጋሻና ጎራዴውን፣ ናስማሰሩን፣ ስንቁን ይዞ ወደ ሰሜን ጎረፈ። ጃንሆይ ወደ ደሴ ሄደው ከዚያ ሆነው በሽቦ አልባና በመልእክተኛ ለማዘዝ ሞከሩ። ሆኖም ራሶቹ እርስ በርሳቸው በቀናት መንገድ የተራራቁ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ሁኔታ አያውቅም፤ በሽቦ አልባ የሚላከውን ደግሞ ጠላት ጠልፎ ይሰማ ነበር። ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ጃንሆይ በዚያን ዕለት ከመትረየሱ ኋላ ሆነው ራሳቸው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ወጣ። ያ ወረቀትና ትዕግሥት ይወዳል ያልነው ሰው የአባቶቹን ቦታ ይዞ የታየበት ቀን ነው።

በየካቲት የራስ ሙሉጌታ ጦር አምባ አራዶም ላይ ተሰበረ፤ የዐድዋው ሽማግሌ ራሳቸው በሽሽቱ ተገደሉ። ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ተምቤን ላይ፣ ራስ እምሩ ሽሬ ላይ ተሸነፉ። መርዙ እንደ ጠል ከሰማይ እየወረደ የሰውን ቆዳ ያቃጥል፣ ዓይን ያጠፋ፣ ምንጩን ይበክል ነበር። የቀረው ክቡር ዘበኛና የተረፈው የራሶቹ ጦር ነው። ጃንሆይም ከኮረም ወደ ማይጨው ወጡ። ጦሩን ይዞ ወደ ኋላ ማፈግፈግና በደፈጣ መዋጋት ይሻላል የሚል ሐሳብ አልጠፋም፤ ነገር ግን ንጉሥ ሳይገጥም ተመለሰ መባል በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነው። ለማጥቃት ከታሰበው ቀን ጀምሮ በምክርና በዝግጅት ብዙ ቀን ባከነ፤ ኢጣልያኖችም በጠለፉት መልእክት ነገሩን አውቀው ምሽጋቸውን አጠነከሩ። ውጊያው የተጀመረው መጋቢት 22 ንጋት ላይ ነበር። ቀኑን ልብ በሉ፤ ከስድስት ዓመት በፊት አንቺም ላይ የእሳቸው አይሮፕላን ጉግሣን የመታበት ዕለት ነው። ራስ ካሣ፣ ራስ ሥዩምና ራስ ጌታቸው ዓባተ ጦሩን መሩ። ከሰዓት በኋላ ክቡር ዘበኛ ወደ ምሽጉ ገባ፤ እየወደቀ እየተነሣ ገፋ፤ ግን ምሽጉ አልተሰበረም። ሲመሽ ዝናብ ዘነበ። ከጥቂት ቀን በኋላ የተረፈው በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲያልፍ አይሮፕላኖች ቦምብና መርዝ አዘነቡበት። ሐይቁ ዳር የቀረውን ሬሳ የቆጠረውም የቀበረውም የለም።

እኔ ሳስበው የንጉሥ አዛዥነት የድሮ ትርጉሙ ያበቃው እዚያ ሐይቅ ዳር ነው። ድንኳኑ በመካከል፣ ሠራዊቱ በዙሪያ የሚለው ሥርዓት ከላይ የሚያይ ዓይን በሌለበት ዘመን የተሠራ ነው። አይሮፕላን ከመጣ ወዲያ የንጉሡ ድንኳን ለጠላት ምልክት እንጂ ለወገን መከታ አልሆነም።

ጃንሆይ በላሊበላ ጸልየው አዲስ አበባ ገቡ። የመኳንንቱ ጉባኤ ተሰበሰበ። አብዛኞቹ ወደ ጄኔቫ ሄደው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር እንዲያመለክቱ መከሩ፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ራስ እምሩ እንደራሴ ተብለው በጎሬ እንዲቆዩ ተወሰነ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ኢጣልያ አዲስ አበባ ገባች።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። የድሮውን ሚዛን ከያዝን ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው፤ አዛዥ ሠራዊቱን ጥሎ አይሄድም፤ ቴዎድሮስም ዮሐንስም አልሄዱም። ደግሞም የቀሩት ዋጋ ከፍለዋል። እምሩ እስኪማረኩ ተዋጉ፤ የሆለታ ልጆች ጥቁር አንበሳ የሚባል ጦር አቋቋሙ፤ ነገር ግን ያለ ንጉሥ አምስት ዓመት በየጫካው የተዋደቀው አብዛኛው ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ነው። በሌላ በኩል ጃንሆይ ማይጨው ላይ ወይም ጫካ ውስጥ ቢሞቱ ኖሮ በሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቆሞ የተናገረው ማን ይሆን ነበር? ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር በተጣላች ጊዜስ ወዲያው ተጠርቶ የሚመጣ ሕጋዊ መንግሥት ከወዴት ይገኝ ነበር? በእኔ ግምት በርዕሰ መንግሥትነታቸው መሄዳቸው አገር ጠቅሟል። በአዛዥነታቸው ግን ዕዳ ጥሎባቸዋል፤ ያም ዕዳ እስከ መጨረሻው ተከትሏቸዋል። ሁለቱን ማዕረግ አንድ ሰው ሲይዝ አንዱን ለማዳን አንዱን የሚጎዳበት ቀን ይመጣል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በእንግሊዛዊው ዊንጌት ከሚመራው ጦርና ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆነው በጎጃም በኩል ገቡ። ሚያዝያ 27፣ ኢጣልያ በገባችበት ቀን ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያ የመጣው ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። በስደት የቆየውና በጫካ የቆየው በሹመት ተቀያየሙ። ብላታ ታከለ ብዙ ጊዜ ታሰሩ። በጎጃም ስሙ የገነነው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ይህን ሳያነሡ የጃንሆይን ታሪክ ማውራት ተገቢ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማዕረጉ ዘመናዊ ልብስ ለበሰ። በ1948 ዓ.ም.፣ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጽ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ብሎ ስማቸውን አጸናው፤ ሠራዊቱን ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ለመኮንኖች ማዕረግ መስጠት የእሳቸው ሆነ። በምድር ጦር ፊልድ ማርሻል፣ በባሕር ኃይል አድሚራል፣ በአየር ኃይል ማርሻል ናቸው። በ1957 ዓ.ም. እንግሊዞችም የክብር ፊልድ ማርሻልነት ሰጧቸው። አየር ኃይሉን ስዊድኖች፣ ባሕር ኃይሉን ኖርዌጆች፣ የሐረርን የጦር አካዳሚ ሕንዶች፣ ምድር ጦሩን አሜሪካኖች ያሠለጥኑ ነበር። እያንዳንዱ የጦር ክፍል የሚያመለክተው በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ጠቅላይ አዛዡ ነው፤ ጎን ለጎን አይነጋገሩም። አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አልጠራጠርም።

የኮሪያው ዘመቻ የዚህ ዘመን መልካም ገጽ ነው። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ሲነሣ ሰንደቅ ዓላማውን የሰጡት ጃንሆይ ናቸው፤ የሻለቃው ስም የአባታቸው የፈረስ ስም መሆኑን ልብ ይሏል። በየተራው ከዘመቱት ውስጥ ከ120 በላይ ሞቱ፤ አንድም ግን አልተማረከም፤ የወደቀ ጓድም ሜዳ ላይ አልተተወም። አጽማቸው ተመልሶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ አረፈ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኮንጎ የሄደው ብርጌድ ጠቅል ተባለ፤ በራሳቸው በጃንሆይ የፈረስ ስም መሆኑ ነው።

በ1953 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ 4 ቀን፣ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴየር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ቤተ መንግሥቱን ያዙ። ማይጨው ላይ በፊታቸው የወደቀው ያው ክቡር ዘበኛ ነው እኮ! ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ለዘውዱ ቆሙ፤ ከተማዋ ተዋጋች፤ በገነተ ልዑል ታግተው ከነበሩት መኳንንት አሥራ አምስቱ ተገደሉ፤ አርበኛው ራስ አበበ አረጋይም ከእነሱ መካከል ነበሩ። ጃንሆይ በአሥመራ በኩል ታኅሣሥ 8 ቀን ገቡ። መንግሥቱ ነዋይ በመጋቢት ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። ዳሩ ግን ያዳነው ጦር ብዙም ሳይቆይ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ተሰጠውም። ወታደሩ የዘውዱ ዋጋ በእጁ እንዳለ የዚያን ጊዜ ገባው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ብርጌድ አመፀ። ምክንያቱ ፖለቲካ አልነበረም፤ ምግቡ ተበላሽቷል፣ የውሃ መሳቢያው ተሰብሯል፣ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም ብለዋል። ወታደሮቹ አቤቱታቸውን ለጠቅላይ አዛዡ ላኩ። ጃንሆይ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ሰደዱ፤ ወታደሮቹም ጄኔራሉን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ያ የነፋስ ስልክ ትምህርት ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው። ነገሩ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ አሥመራ ተዛመተ። ሰኔ 21 ቀን ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ የደረሱ ሰዎች በአራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው ደርግን መሠረቱ። በመጀመሪያ ሹማምንቱን የሚያስሩት ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ነን እያሉ ነበር። ጠቅላይ አዛዡም ዝም አሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ጥቂት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃቸውን ወረቀት አነበቡላቸው። ከዚያም በቮልስዋገን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። የምድር፣ የባሕርና የአየር ማርሻል የነበሩት ሰው በዚያች ትንሽ መኪና ሲያልፉ ማንም ሰላምታ አልሰጠም። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ። በማግሥቱ የወጣው መግለጫ በሕመም ነው አለ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በደርግ ባለሥልጣኖች ላይ በተካሄደው የፍርድ ሂደት ግን ታፍነው መገደላቸው ቀረበ። ማዕረጉ ለተከታዮቹ ተላለፈ፤ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የአብዮታዊ ሠራዊት ጠቅላይ አዛዥ ተባሉ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ74ኛው አንቀጽ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጠው።

የሬሳው ነገር ግን ለእኛ ለዕድርተኞች ከሁሉ የሚከብደው ነው። አስከሬኑ የት እንደወደቀ ሳይነገር ቀረ። ድንኳን አልተጣለም፤ በአገራቸው አደባባይ ፍትሐት አልተደረገም፤ ሣልስት የለ፣ አርባ የለ። ከየቀበሌያችን ድኻ ሲሞት እንኳ ጡሩምባ ይነፋለታል። በየካቲት 1984 ዓ.ም. አጽማቸው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ከወለል በታች ተቆፍሮ ወጣ። ወደ በዓታ ለማርያም ተወስዶ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ያህል እዚያ ቆየ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በሞቱ በ25 ዓመታቸው ሣጥኑ በከተማው አልፎ ወደ ሥላሴ ሄደ። መንግሥት የመንግሥት ቀብር አላደረገላቸውም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸሎቱን መሩ፤ ጎፈር ያጠለቁ ሽማግሌ አርበኞች አጀቧቸው። በካቴድራሉ ውስጥ በ1954 ዓ.ም. ያረፉት እቴጌ መነን አጠገብ ተቀበሩ። ውጭ በቅጥር ግቢው የኮሪያ ዘማቾቹ አሉ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ የረሸናቸው ሹማምንቶቻቸውና ጄኔራሎቻቸውም በኋላ ተነሥተው እዚያው ግቢ ተቀብረዋል።